ዶክተር ጀምስ ሄፕበርን፦ የበሽተኛውን ቃል የመዘገቡ ሐኪም

ለዘንድሮው መጽሔት የአንድ የሙያ አባታችንን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ አዘጋጆቹ በጠየቁኝ ጊዜ፣ አሳቤ የሄደው አዲስ መድኃኒት ወዳገኙ ወይም አዲስ የቀዶ ጥገና ስልት ወደ ፈለሰፉ ሰዎች አልነበረም። ትዝ ያሉኝ ዶክተር ጀምስ ከርቲስ ሄፕበርን ናቸው። እኚህ አሜሪካዊ ሐኪም በጃፓን አገር 33 ዓመት ያህል ተቀምጠው ብዙ ሺህ ሕመምተኞችን ረድተዋል። ይሁን እንጂ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚጠራው በሐኪምነታቸው ሳይሆን የጃፓንን ቃላት ካንጂ ከሚባሉት ፊደላቸውና ከእንግሊዝኛ ፍቺያቸው ጋር አሰባስበው ባወጡት መዝገበ ቃላት ነው። ስለ እሳቸው የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙን ለብቻ፣ የቃላት ሊቁን ለብቻ አድርገው ያቀርቡአቸዋል። እኔ ግን ሁለቱ አንድ ሥራ እንደ ነበሩ፣ ይህም ለእኛ ለባልደረቦቻቸው የሚነግረን ነገር እንዳለ አምናለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ምሥራቅ የተደረገ ጉዞ

ሄፕበርን ማርች 13 ቀን 1815 በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ሚልተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። በፕሪንስተን ኮሌጅ ተምረው በ1832 ከተመረቁ በኋላ ወደ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1836 የሕክምና ዶክተር ሆኑ። በ1840 ክላራ ሊት የምትባል መምህርት አገቡ፤ በተከታዩም ዓመት ባልና ሚስቱ በፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሚስዮን አማካይነት ወደ ሩቅ ምሥራቅ ተጓዙ። በመጀመሪያ በሲንጋፖር፣ ከ1843 ጀምሮ ደግሞ በቻይናዋ የአሞይ ወደብ ተቀመጡ። ሐኪሙ ከቻይና ጽሕፈት ጋር የተዋወቁት በዚህ ዘመን ነው። ነገር ግን የአገሩ አየር አልተስማማቸውምና ጤናቸው ስለ ታወከ በ1846 ወደ አሜሪካ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ያህል በኒው ዮርክ ከተማ ሠሩ። ሥራቸው ሰመረ፤ ስማቸው ገነነ፤ ገንዘብም አገኙ። ኑሮአቸው በውጭ ሲታይ የተሟላ ቢመስልም በቤታቸው ውስጥ ከባድ ሐዘን ነበር። በዚያው ከተማ ሦስት ልጆቻቸውን በሕፃንነታቸው በሞት ተነጠቁ። ሌላውን ሰው ሲፈውስ የሚውል አባት የራሱን ልጆች ማዳን ሲያቅተው ምን እንደሚሰማው ለሐኪም ማስረዳት አያስፈልግም። በሕይወት የቀረላቸው በአሞይ የተወለደው ሳሙኤል ብቻ ነበር።

በ1859 ጃፓን አንዳንድ ወደቦችዋን ለውጭ አገር ሰዎች ስትከፍት፣ ሄፕበርን የ44 ዓመት ሰው ነበሩ። ቤታቸውንና የሥራ ቦታቸውን ሸጠው፣ አንድ ልጃቸውን ለትምህርት በአሜሪካ ትተው፣ ከባለቤታቸው ጋር ተሳፈሩ። በጥቅምት ወር ካናጋዋ ከሚባለው ቦታ ደርሰው ጆቡጹጂ በተባለ አሮጌ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ ተጠለሉ። በጊዜው የክርስትና ሃይማኖት በጃፓን በሕግ የተከለከለ ስለ ነበር በግልጽ መስበክ አይቻልም ነበር። የውጭ አገርን ሰው የሚጠሉ ጎራዴ ታጣቂዎችም በመንገዱ ይመላለሱ ነበር። በ1862 ከካናጋዋ አጠገብ ናማሙጊ በተባለች መንደር አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ በጎራዴ ተገድሎ ሁለት ጓደኞቹ ሲቆስሉ፣ ቁስላቸውን ያከሙት ሄፕበርን ናቸው። እንግዲህ በእንዲህ ያለው ቦታ ለሐኪሙ ክፍት የነበሩት ሥራዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ማከምና ቋንቋ መማር።

በ1861 ሶኮጂ በተባለ ሌላ ቤተ መቅደስ ውስጥ ያለ ክፍያ ማከም ጀመሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሺዎች ጎረፉ፤ ከሁሉም የበዛው የዐይን ሕመምተኛ ነበር። መንግሥቱ በዚህ ሥጋት ገብቶት ወዲያው አዘጋው። በ1862 መጨረሻ ወደ ዮኮሃማ ተዛውረው እንደገና ከፈቱት። ሕዝቡም ስማቸውን በራሱ አፍ አመቻችቶ ሄቦን ብሎ ጠራቸው።

ካንጂን የመማር ፈተና

የሄፕበርንን ድካም ለመረዳት የጃፓን ጽሕፈት እንዴት ያለ እንደ ሆነ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ጃፓንኛ በሦስት ዓይነት ምልክቶች ይጻፋል። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉት ሁለቱ ለእኛ እንግዳ አይሆኑብንም፤ ምክንያቱም እንደ ግዕዝ ፊደል ካ፣ ኪ፣ ኩ እያሉ ተናባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ይጽፋሉ። ሦስተኛው ካንጂ ነው። ይህ ከቻይና የተወሰደ ሲሆን እያንዳንዱ ምልክት ከድምፅ በላይ ትርጉም ይሸከማል። ዛሬ በጃፓን ለዕለት ተዕለት ጽሕፈት የተወሰኑት ካንጂዎች 2,136 ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ 1,026ቱን ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ስድስት የትምህርት ዓመታት ይማራሉ። በሄፕበርን ዘመን ግን እንዲህ ያለ ወሰን አልነበረም።

ጀማሪው ተማሪ የሚያገኛቸው ካንጂዎች ደስ የሚያሰኙ ናቸው። ዛፍ ማለት ኪ ነው፤ ፊደሉም ግንዱን፣ ቅርንጫፉንና ሥሩን ያሳያል። ሁለት ዛፍ ጎን ለጎን ሲጻፍ ሃያሺ፣ ማለት ደን ይሆናል፤ ሦስት ሲሆን ደግሞ ሞሪ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነው። በዛፉ አጠገብ ሰው ሲቆም ዕረፍት ማለት ነው። ለሐኪም የሚቀርቡትን ብንወስድ፣ የዐይን ፊደል ሜ የዐይን ሥዕል ነው። ዐይን ከበታቹ እግር ሲያወጣ ማየት ይሆናል፤ ከዐይን በላይ እጅ ሲደረግ ተከታትሎ መመልከት ይሆናል፤ ይህም ፊደል ሕመምተኛን ማስታመም በሚለው ቃል ውስጥ ይገባል። ጠፋ የሚለው ፊደል ከዐይን በላይ ሲጻፍ ዕውር ማለት ነው። ከላይና ከግራ እንደ ጣራና እንደ ግድግዳ የሚከብብ፣ በአልጋ ላይ የተኛን ሰው ያመለክታል የሚባል ምልክትም አለ። በዚህ ምልክት ሥር በሽታ፣ ሕመም፣ ድካም የሚሉት ቃላት ይጻፋሉ። በውስጡ የባቄላ ፊደል ሲገባ ፈንጣጣ ይሆናል። ይህን አንድ ምልክት የሚያውቅ ሰው ያላየውን ቃል እንኳ ቢያገኝ የሚናገረው ስለ ሕመም መሆኑን ይገምታል።

ይሁን እንጂ ደስታው ብዙም ሳይቆይ ፈተና ይከተላል። አንዱ ፊደል እንደየቦታው በልዩ ልዩ ድምፅ ይነበባል። መድኃኒት ለብቻው ኩሱሪ ነው፤ በሌሎች ቃላት ውስጥ ግን ያኩ ይሆናል። በሌላ በኩል ደግሞ አንዱ ድምፅ ብዙ ፊደላት አሉት። ሃና ቢባል አበባ ነው ወይስ አፍንጫ? ቺ ቢባል ደም ነው፣ ወተት ነው ወይስ ምድር? ካሚ ቢባል ወረቀት፣ የራስ ጠጉር፣ ላይ ወይስ አምላክ? በጽሕፈት እነዚህ ሁሉ እየራሳቸው ፊደል ስላላቸው አይምታቱም። ሐኪሙ ግን ከበሽተኛው አፍ የሚሰማው ድምፁን ብቻ ነው።

ከዚህም የሚብሰው ፍቺው ነው። ኮኮሮ የሚለው ቃል ካንጂ በመነሻው የልብ ሥዕል ነው። ሆኖም ጃፓናዊው ኮኮሮ ሲል አሳቡን፣ ስሜቱን፣ ፈቃዱን ሁሉ ይጨምራል፤ በደረት ውስጥ የሚመታው አካል ሺንዞ የሚባል ሌላ ስም አለው። ሃራ ሆድ ነው፤ ሃራው ቆመ የተባለ ሰው ግን የተቆጣ ነው እንጂ ሆዱን የታመመ አይደለም። እንግዲህ ካንጂውን ከአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አጣምሮ በቃሉ የያዘ ተማሪ ፊደሉን እንጂ ቃሉን አላወቀም። ሄፕበርን ከሌሎች የቋንቋ ተማሪዎች የተለዩት ይህን ቀድመው በመረዳታቸው ነው።

በሕክምና ክፍል የተሰበሰቡ ቃላት

ሄፕበርን ሥራ ሲጀምሩ የሚደገፉባቸው መጻሕፍት ጥቂት ነበሩ። የኢየሱሳውያን መነኮሳት በ1603 ያሳተሙት የጃፓንኛና የፖርቱጋልኛ መዝገበ ቃላትና ሜድኸርስት የተባለው ሚስዮናዊ በ1830 በባታቪያ ያወጣው አነስተኛ የቃላት ስብስብ ነበሩ። ራሳቸው በመቅድማቸው እንዳስታወቁት ዋናው መመኪያቸው መጽሐፍ ሳይሆን ሕያው መምህር ነው። ጃፓናውያን መምህራን ቀጥረው ፊደሉን አጠኑ፤ የሕክምናው ክፍል ደግሞ የየዕለቱን ንግግር ሰጣቸው። በዚያ በር ገበሬው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ነጋዴውና ባለጎራዴው በየተራ ገብቶ ሕመሙን በራሱ ቃል ይናገራል። ሐኪም በሽተኛውን ደጋግሞ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ የቃላት ሰብሳቢም ቃሉ በማን አፍ፣ በምን ጊዜ፣ ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚነገር ደጋግሞ ይጠይቃል። የሁለቱ ሥራ ዘዴ አንድ ነው።

ከሕመምተኞቹ አንዱ ኪሺዳ ጊንኮ ይባላል። ይህ የተማረ ጎልማሳ በ1864 ዐይኑን ታሞ መጣ። ዐይኑ ዳነ፤ እርሱ ግን አልሄደም። ቃላቱን በማረምና ካንጂውን በማመሳከር የሄፕበርን የቅርብ ረዳት ሆነ። ሐኪሙም የዐይን ጠብታውን አሠራር አስተማሩት፤ ኋላ ሴይኪሱዊ በሚል ስም እየሸጠ ታወቀበት። ከዚያም በጋዜጠኛነት ስም ያተረፈ ሰው ሆነ።

በ1866 ጽሑፉ ተጠናቀቀ፤ ነገር ግን የላቲኑን፣ የካታካናውንና የካንጂውን ፊደል አዋሕዶ የሚያትም ማተሚያ ቤት በጃፓን አልነበረም። ስለዚህ ሄፕበርንና ኪሺዳ ወደ ሻንጋይ ተሻግረው የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን ማተሚያ ቤት አጠገብ ወራት አሳለፉ። ለካታካናው የማተሚያ ፊደል የሚሆነውን መልክ የጻፈው ኪሺዳ ነው። መጽሐፉ በ1867 ወጣ፤ የያዛቸውም የጃፓን ቃላት 20,772 ነበሩ።

የመጽሐፉ የጃፓንኛ ስም ራሱ አንድ የካንጂ ትምህርት ነው። ዋ-ኤይ ጎሪን ሹሴይ ይባላል፤ በስድስት ፊደላት ይጻፋል። ዋ ጃፓን፣ ኤይ እንግሊዝ፣ ጎ ቃል፣ ሪን ደን፣ ሹ መሰብሰብ፣ ሴይ መፈጸም ነው። ሪን ቀደም ብለን ያየናቸው ሁለት ዛፎች ናቸው፤ ለብቻቸው ሃያሺ ይነበቡ የነበሩት እዚህ ሪን ሆኑ። የመሰብሰብ ፊደል በዛፍ ላይ ያረፈ ወፍ ነው። አንድ ላይ ሲነበብ የጃፓንና የእንግሊዝ ቃላት ደን ስብስብ እንደ ማለት ነው። በርእሱ ገጽ የአዘጋጁ ስም ሄቦን በሁለት ካንጂዎች ተጽፎአል፤ አንዱ ደልዳላ ወይም ሰላማዊ፣ ሁለተኛው ጽሕፈት ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የተስማማ ስም ነው።

የእያንዳንዱ ቃል አቀማመጥ ሊስተዋል ይገባል። በመጀመሪያ ቃሉ በላቲን ፊደል ይመጣል፤ ቀጥሎ ካታካናው፤ ቀጥሎ ካንጂው፤ ከዚያ የእንግሊዝኛው ፍቺ፤ በብዙ ቦታም ቃሉ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲነገር የሚያሳይ ምሳሌና ተመሳሳይ ቃላት ይጨመራሉ። በቻይና ልማድ የተዘጋጁት መዛግብት የሚጀምሩት ከፊደሉ ነው፤ ፊደሉን ያላየ ሰው ቃሉን ሊያገኘው አይችልም። የሄፕበርን መዝገብ ግን ከድምፁ ይጀምራል። ሐኪም ከበሽተኛው ፊት ተቀምጦ ቺ የሚል ድምፅ ቢሰማ፣ በድምፁ ፈልጎ ካንጂዎቹን ለይቶ ስለ ደም ይሁን ስለ ወተት ይረዳል። ይህ አቀማመጥ የሰሚ ሰው አቀማመጥ ነው።

ያላቋረጠ እርማት

መዝገቡ በወጣበት በዚያው ዓመት ሄፕበርን ሌላ ትልቅ ሥራ ሠሩ። ሳዋሙራ ታኖሱኬ የሴት ገጸ ባሕርይ በመጫወት የታወቀ የካቡኪ ቲያትር ተዋናይ ነበር። እግሩ ሥጋው እየሞተ ሕይወቱን ስላሠጋው ሄፕበርን ቆርጠው አዳኑት፤ ከአሜሪካም ሰው ሠራሽ እግር አስመጡለትና እንደገና ወደ መድረክ ወጣ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ክላራም በቤታቸው እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ኋላ የገንዘብ ሚኒስትርና ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ታካሃሺ ኮሬኪዮ ናቸው።

ሄፕበርን መጽሐፋቸውን አሳትመው አልተኙም። አገሩ በፍጥነት ይለወጥ ነበር። በ1872 ከቶኪዮ እስከ ዮኮሃማ የባቡር ሐዲድ ተከፈተ፤ እንፋሎትና ሠረገላ የሚሉት ካንጂዎች ተጣምረው የባቡር ስም ሆኑ። መብረቅ የሚለው ፊደል ከመንፈስ ጋር ተጣምሮ ኤሌክትሪክ፣ ከንግግር ጋር ተጣምሮ ስልክ ተባለ። ጃፓናውያን ለአዲሱ ዕውቀት ከአሮጌ ፊደላት አዲስ ቃል ሲሠሩ፣ አዛውንቱ ሐኪም ከኋላ እየተከተሉ ይመዘግቡ ነበር። በ1872 የወጣው ሁለተኛ እትም 22,949 ቃላት፣ በ1886 የወጣው ሦስተኛ እትም 35,618 ቃላት ይዞአል። በዚህ መካከል ከሌሎች ሊቃውንት ጋር ሆነው መጽሐፍ ቅዱስን ይተረጉሙ ነበር። አዲስ ኪዳን በ1880፣ ብሉይ ኪዳን በ1887 ተፈጸመ።

በሦስተኛው እትም ጃፓንኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉበትን ደንብ አሻሻሉ፤ በ1885 የተቋቋመው የላቲን ጽሕፈት ማኅበር ያጸደቀውን ሥርዓት ተቀበሉ። የራሳቸውን የ20 ዓመት ልማድ ትተው የሌሎችን መቀበላቸው የሚያስመሰግን ነው። ያም ሥርዓት በእሳቸው ስም ሄፕበርን ተባለ። የጃፓን መንግሥት በ1954 ሌላ ደንብ ቢደነግግም፣ በፓስፖርትና በመንገድ ምልክቶች ላይ የሄፕበርን ሥርዓት ጸንቶ ቆይቶአል፤ በ2025 የባህል ጉዳዮች ምክር ቤት ዋናው መጻፊያ እንዲሆን የውሳኔ አሳብ አቅርቦአል።

የሦስተኛውን እትም መብት ማሩዜን ለተባለው መጻሕፍት ቤት ሸጠው ገንዘቡን ለሜጂ ጋኩዊን ትምህርት ቤት ሰጡ፤ በእሱም በስማቸው የሚጠራ የተማሪዎች ማደሪያ ተሠራ። በ1889 የዚሁ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ፕሬዚደንት ሆኑ። በ1892፣ በ77 ዓመት ዕድሜአቸው፣ ከባለቤታቸው ጋር ወደ አሜሪካ ተመለሱ። በ1905 ዘጠና ዓመት ሲሞላቸው የጃፓን መንግሥት የፀሐይ መውጫ ኒሻን ሸለማቸው። በሴፕቴምበር 21 ቀን 1911 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ኢስት ኦሬንጅ ከተማ በ96 ዓመታቸው ዐረፉ። በዚያው ዕለት በቶኪዮ በስማቸው የተጠራው ሕንፃ በእሳት ወደመ። መጽሐፉ ግን ከሕንፃው ይልቅ ጸንቶ ይገኛል።

ለእኛ የቀረው

እኛም በአገራችን የሕክምናን ትምህርት በእንግሊዝኛ ተምረን በሽተኛውን በራሱ ቋንቋ የምናነጋግር ነን። ልቤን ያጥወለውለኛል የሚል ገበሬ በፊታችን ሲቀመጥ፣ ልብ የሚለውን ቃል በመማሪያ መጽሐፋችን ከሚገኘው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ብቻ ያጣመርን እንደ ሆነ ጆሮአችን ወደ ደረቱ ይሄዳል፤ ሰውየው ግን የሚናገረው ስለ ጨጓራው ነው። ምች መታኝ የሚለውን፣ ውጋትና ቁርጥማት እያለ የሚለየውን፣ ሆዴን ባር ባር አለኝ የሚለውን በአንድ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ለመተካት ብንሞክር አብዛኛው ይፈስብናል። የፈሰሰው ደግሞ ምናልባት ለበሽታው ዋና ምልክት የሚሆነው ነው።

ሄፕበርን ወደ ጃፓን ሲሄዱ የታወቁ ሐኪም ነበሩ፤ ነገር ግን በ44 ዓመታቸው እንደ ሕፃን ዛፍን፣ ዐይንን፣ እጅን ከመጻፍ ጀመሩ። የሕመምተኛው ቃል ከሐኪሙ ዕውቀት በታች ነው ብለው አልናቁትም። ከመካከላችን በየገጠሩ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ብዙዎች ሕዝቡ ሕመሙን የሚጠራባቸውን ቃላት ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ። እነዚያን ቃላት ከነአነጋገራቸው፣ ከነቦታቸውና ከነፍቺያቸው በአንድ ደብተር መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰሚ ጆሮና ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ከመካከላችን አንዱ እንኳ ዛሬ ቢጀምረው፣ ነገ ተራው ደርሶ ወደ ክፍሉ የሚገባው በሽተኛ ቃሉ ሳይባክን ይደመጥለታል።